አሞርቲዛተሩን ቤት መቀየር ይቻላል፤ ሞላውን ግን አንንካው

በሰፈር ክሊኒክ የምንሠራ ነርሶች የምናነበው የደም ምርመራ ውጤት ብቻ አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለስኳር ወይም ለደም ግፊት ሲመጡ ከቦርሳቸው ሌላም ሌላም ወረቀት ያወጣሉ፤ የአርኖና ደብዳቤ፣ የባንክ ማስታወቂያ፣ ከልጅ ልጅ ትምህርት ቤት የተላከ ወረቀት። "ልጄ፣ እግረ መንገድሽን ይህችንም አንብቢልኝ" ይሉናል። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ያጉረመርማል፤ ቢሆንም እናነባለን።

ባለፈው በጋ አንድ የ61 ዓመት አባት ለስኳር ክትትላቸው መጥተው እንዲሁ አንድ ወረቀት ጠረጴዛችን ላይ አኖሩ። የሙሳኽ ወረቀት ነበር፤ ሀጻዓት መሒር የሚባለው የዋጋ ማቅረቢያ። መኪናቸው ጉብታ ላይ ስትወጣ ከፊት በኩል ትንኳኳለች፤ ፍሬን ሲይዙ ደግሞ አፍንጫዋን ትደፋለች። ሙሳኹ አይቶ የፊቶቹ ሁለት ቦልሜ ዛዓዙዒም ይቀየሩ ብሏል፤ አገር ቤት መካኒኮች አሞርቲዛተር የሚሉት ማለት ነው። አነበብንላቸው። ሁለት አሞርቲዛተር፣ እያንዳንዱ 620 ሸቀል። ሁለት የላይ መያዣ፣ እያንዳንዱ 170። የጉልበት ዋጋ 750። ኪቩን ፍሮንት፣ ማለትም የፊት ጎማዎችን አቅጣጫ ማስተካከያ፣ 150። ድምሩ 2,480 ሸቀል። ከታች በደቃቅ ፊደል "ሲደመር ማዓም" ይላል። 18 ከመቶ ሲጨመርበት 2,926 ሸቀል ከ40 አጎራ ይደርሳል።

"ለጉልበት ብቻ 750!" አሉ። "ይህንማ እኔው ከቤቴ በር ላይ እሠራዋለሁ። ብረት መቼ ጠፋኝ?" እኛም ሳቅን። ስኳራቸውን ለክተን፣ መድኃኒታቸውን አስተካክለን ሸኘናቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው በፎጣ ተጠቅልሏል። "የመኪና በር ዘጋብኝ" አሉን። ፎጣውን ስንፈታ የአመልካች ጣታቸው ጫፍ ተጨፍልቋል፤ የመሃል ጣታቸው ጥፍር ተነቅሏል፤ ቁስሉ ላይ የተነሰነሰው የቡና ዱቄት ከመግሉ ጋር ደርቆ ተጣብቋል። ከተጎዱ አምስተኛ ቀናቸው ነበር። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ላክናቸው። ከአመልካች ጣታቸው አንድ አንጓ እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ ቁስሉን ስናጥብና ስንጠግን ቆየን፤ እውነቱን የነገሩን በሁለተኛው ሳምንት ነው። ታሪኩን እንድንጽፈው ፈቅደውልናል፤ ስማቸውንና ከተማቸውን ትተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሞርቲዛተሮቹን ከመለዋወጫ ሱቅ እያንዳንዱን በ380 ሸቀል ገዙ። ሞላ መጭመቂያ ከጎረቤት ተዋሱ። ሥራውን የጀመሩት ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው፤ ሰንበት ሳይገባ ሊጨርሱ። የቀኙን ፈትተው አወጡት፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ሞላውን መጭመቅ ሲጀምሩ ግን ሁለቱን መንጠቆዎች ትይዩ አድርገው አላስቀመጧቸውም፤ ሰዓቱም እየሄደ ስለነበር አንዱን ወገን ብቻ አጥብቀው አሽከረከሩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ሞላው ጠመመ፣ መንጠቆው ሸሸ፣ ጣቶቻቸው በመሃል ነበሩ። ሰንበት ገባ። ልጆቻቸውን ማስጨነቅ አልፈለጉም፤ ነፍስ ለማዳን ሰንበት እንደሚሻር ረቢዎቹ ቢያስተምሩም "ጣት ነፍስ አይደለችም" ብለው ተኙ። መኪናዋ በአንድ ጎኗ ክሪክ ላይ ተሰቅላ እስከ ማክሰኞ ቆመች። በዚያ ማቆሚያ የሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እኛን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠን ከጣታቸው ይልቅ ይህኛው ነው።

ይህን የሰሙ ሁሉ "ለሙሳኽ መስጠት ነበረባቸው፣ ምን ነካቸው?" ይላሉ። እኛ እንዲህ አንልም። በሰዓት ተከፍሎት የሚያድር ሰው ሦስት ሺህ ሸቀል ሲጠየቅ ሌላ መንገድ መፈለጉ የሚያስወቅስ አይደለም። ደግሞ የእኚህ አባት አባት ጎንደር ውስጥ ወናፍ ነፍተው ማረሻና ማጭድ የሠሩ ሰው ናቸው። ብረት በመቀጥቀጣችን ጎረቤት ክፉ ስም ሲያወጣልን ኖሯል፤ ማረሻው ሲሰበር ግን የሚመጣው ወደ እኛው ነበር። እዚህ አገር ከመጡ በኋላ ያ እጅ መጥረጊያ ብቻ እንዲይዝ ተደረገ። አንድ ቀን ከራሱ መኪና ሥር ገብቶ ልሥራ ቢል እንዴት እንከለክለዋለን?

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አንጥረኛ የጋለ ብረት ሲይዝ አደጋውን በዓይኑ ያያል፤ ብረቱ ይቀላል፣ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። የተጨመቀ ሞላ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ አይጮኽም፣ አይቀላም። ውስጡ የታመቀውን ኃይል ማንም አያይም።

በዛሬዎቹ አብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች ከፊት በኩል አሞርቲዛተሩ በሞላው መሃል ነው የሚቆመው። ሞላው የመኪናውን ክብደት ይሸከማል። አሞርቲዛተሩ ደግሞ ሞላው እንዳይዘል ይገታዋል፤ ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የንዝረቱን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዘይቱ ሲፈስ ወይም ውስጡ ሲያልቅ ጎማው አስፋልቱን አጥብቆ አይዝም፤ ይዘላል። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ለመቆም የሚወስድበት ርቀት ይረዝማል፤ ጎማውም እየተቦረቦረ ያልቃል። ስለዚህ "ትንኳኳ፣ ምን አለበት" ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ መቀየሩስ መቀየር አለበት። የሚቀየረውም ሁለቱ ባንድ ላይ ነው፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲይዝና ሲታጠፍ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ኃይሉን በቁጥር እንየው። 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና ሞተሩ ከፊት ስለሆነ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ከፊት ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ የፊት ሞላ ቆሞ እንኳ ከ300 ኪሎ በላይ ይሸከማል ማለት ነው። አሞርቲዛተሩን ከመሃሉ ለማውጣት ያንን ሞላ በሁለት መንጠቆና በሁለት ቀጭን ብሎኖች ጨምቆ መያዝ ያስፈልጋል። ከላይ ያለውን ዳዶ ሞላው በደንብ ሳይጨመቅ የፈታ ሰው ደግሞ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ሊያመልጠው አይችልም።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፤ ሥራው ለሁለት ይከፈል። መኪና መፍታት የሚያውቅ፣ አጠገቡ ሁለተኛ ሰው ያለው፣ ጊዜ ያለው ሰው፣ አሞርቲዛተሩን ከነሞላው አንድ ላይ ከመኪናው አውርዶ መልሶ መግጠሙን ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ሞላውን ከአሞርቲዛተሩ መለየቱን ግን ማንም ከቤቱ በር ላይ አይሞክረው። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። ለብዙ መኪኖች ከነሞላውና ከነላይ መያዣው ተገጣጥሞ የሚሸጥ ዕቃ አለ፤ ዋጋው ይጨምራል፣ መጭመቂያ ግን አያስፈልገውም። ካልሆነም የወረደውን ዕቃ በከረጢት ይዞ ወደ ሙሳኽ መሄድ ነው፤ እነሱ ግድግዳ ላይ በታሰረ መጭመቂያ ይለውጡታል፤ መኪናውን ለማውረድና ለመግጠም አይከፈልም፣ ለዚያች ሥራ ብቻ ይከፈላል። መጀመሪያ ስልክ ደውሎ ዋጋውን መጠየቅ ይገባል፤ የደንበኛ ዕቃ አንነካም የሚሉም አሉና።

የማውረዱም ሥራ ቢሆን ሕግ አለው። ቦታው ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፤ በበጋ የሚለሰልስ አስፋልት ላይ ክሪክ ይሰምጣል። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ይደረግ። የጎማው ዳዶዎች መኪናው ገና መሬት ላይ ሳለ ይላሉ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ ተሸካሚ አይደለም። መኪናው ከተነሳ በኋላ በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ ማረፍ አለበት፤ ብሎኬትና ጡብ ድንገት ይፈረካከሳሉ። የተፈታውንም ጎማ መኪናው ሥር አጋድሞ ማስቀመጥ ደግ ነው፤ ቢወድቅ እንኳ ጎማው ላይ ይወድቃል። አሞርቲዛተሩ ላይ የታሰረው የፍሬን ቱቦና ቀጭኑ የኤሌክትሪክ ሽቦ አስቀድመው ይፈቱ። ከታች ያሉት ሁለት ብሎኖች ሲወጡ የጎማው ተሸካሚ ክፍል ወደ ውጭ ይወድቃል፤ በገመድ ካልታሰረ ክብደቱ ሁሉ በፍሬን ቱቦው ላይ ይንጠለጠላል፤ በውስጡ የተጎዳ ቱቦ ደግሞ ከሳምንት በኋላ አውራ ጎዳና ላይ ነው የሚፈነዳው። ብሎኖቹ የነበሩበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል። ኮፈኑ ሥር ካሉት ዳዶዎች ዳር ዳር ያሉት ትናንሾቹ ብቻ ናቸው የሚፈቱት። የመሃሉ አይነካ! እሱ ነው ሞላውን ቆልፎ የያዘው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁን አይቶ ከእሱ ይጀምራል። ሲገጠምም ዳዶዎቹ መኪናው በሚጠይቀው ልክ፣ በሚለካ ቁልፍ ይጠበቁ፤ ከዚያ መኪናው ወደ ኪቩን ፍሮንት ይሂድ። ይህችን 150 ሸቀል ለመቆጠብ የሚሞክር ሰው በጥቂት ወር ውስጥ ሁለት ጎማ ይገዛል።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ደግሞ አይጀመር።

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ። ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፤ በዚያ ላይ ስኳሩ ነርቩን ከጎዳው ሕመሙ ስለማይሰማው "ደህና ነኝ" ይላል። እኚህ አባት አምስት ቀን የታገሡት ጀግና ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ጣታቸው የሚገባውን ያህል አላመማቸውም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በትንሽ ጭረት ብዙ ይደማል፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ለልጁ ቢተው ይሻለዋል። የዛገ ብረት ለሚነካ ሰው የቴታኑስ ክትባት ያስፈልጋል፤ መቼ እንደተከተቡ ካላስታወሱ እኛን ይጠይቁ። ከመኪና ሥር ዝገትና አሸዋ ወደ ዓይን ይረግፋል፤ መነጽር ይደረግ፣ የማንበቢያው አይደለም።

ከተጎዱ ደግሞ ቡና አይነስንሱበት፣ ቅቤም አይቀቡት። በንጹሕ የቧንቧ ውኃ አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብለው ይያዙ፣ እጁን ከፍ ያድርጉ፤ ቀለበት ካለ ሳያብጥ ይውለቅ። ጣት ከተቆረጠ የተቆረጠው በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ከረጢት ይሁን፤ ከረጢቱ በረዶ ባለበት ውኃ ላይ ይቀመጥ፤ በረዶው ሥጋውን በቀጥታ አይንካው። 101 ይደውሉ። ሰው መኪና ሥር ከተያዘ እሳት አደጋና መዳንንም በ102 ይጥሩ፤ መኪና አንስቶ ሰው የማውጣት መሣሪያው እነሱ ጋ ነው።

ይህ ገጽ የሥራና የሸማች ገጽ ነውና ሂሳቡን ሳንነግራችሁ አናልፍም። በ1976 በወጣው የሕመም ክፍያ ሕግ መሠረት ሠራተኛ ሲታመም ለመጀመሪያው ቀን ምንም አይከፈለውም፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ግማሽ፤ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሙሉ። በቀን 300 ሸቀል የሚያገኝ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ 600 ሸቀል አጣ ማለት ነው። የሕመም ቀን የሚጠራቀመው በወር አንድ ቀን ተኩል ነው። እኚህ አባት አሁን ባሉበት ቀጣሪ ዘንድ ገና ስምንት ወራቸው ስለነበር የተጠራቀመላቸው 12 ቀን ብቻ ነው፤ ከሥራ የቀሩት ግን አምስት ሳምንት። ቤት የደረሰ ጉዳት ስለሆነ የሥራ አደጋ ተብሎ አይቆጠርም። "የመኪናው ቢቱዋህ ሆባ ይከፍላል" ያሏቸውም ነበሩ። በ1975 የወጣው የመንገድ አደጋ ካሳ ሕግ የሚጠቅሰው መንገድ ላይ የሚደረግን ጥገና ነው፤ ቤት ደጃፍ ታስቦበት የሚሠራ ሥራ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቢቱዋህ ለኡሚ ግን አንድ መብት አለው፤ ብዙ ወገኖቻችን ሰምተውት አያውቁም። ደሜ ቴዑና ይባላል። ከሥራ ውጭ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ በአደጋ ተጎድቶ ሥራ መሥራት ላቃተውና ከሌላ ቦታ ክፍያ ለማያገኝ ሰው እስከ 90 ቀን ሊከፈል ይችላል። ነገር ግን ሐኪም በ72 ሰዓት ውስጥ ሊያየው ይገባል። እኚህ አባት ዓርብ ተጎድተው ማክሰኞ መጡ። "በር ዘጋብኝ" ያሉትም ወረቀታቸው ላይ ተጽፏል። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የሆነውን እንደሆነ ይናገሩ፤ ማንም አይስቅብዎትም፣ መኪና ቁልፍም አይቀማዎትም።

እውነቱን ለመናገር የዋሹት ልጆቻቸውን ፈርተው ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ የልጆቻቸው ነው። ሙሳኽ ስንሄድ በዕብራይስጥ ተከራክረን፣ በስልካችን ዋጋ አወዳድረን እንወጣለን። አባታችን ሲሄዱ ግን "እሺ፣ እሺ" ብለው ወረቀት ተቀብለው ይመጣሉ፤ እኛ ደግሞ ያንን ወረቀት ለማንበብ ጊዜ የለንም፤ ነርሷ ታንብብላቸው። ነርሷም አንብባ ትስቃለች። "አባባ፣ ማን ያግዝዎታል? ሞላውን በምን ያወጡታል?" ብለን ብንጠይቅ ኖሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብንም ነበር።

ወረቀቱም ያለ ክርክር መታለፍ አልነበረበትም። ለሸማች የሚነገር ዋጋ ማዓምን ጨምሮ ጠቅላላው መሆን አለበት፤ "ሲደመር ማዓም" የሚለው ጽሑፍ ለነጋዴ እንጂ ለእኚህ አባት አይደለም። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነጋዴ የሸማቹን ቋንቋ በበቂ አለማወቅ ወይም ልምድ ማጣት ተጠቅሞ አግባብ የሌለው ውል እንዳይዋዋለው በግልጽ ይከለክላል። ቋንቋ አለመቻል ሕጉ ራሱ የሚጠብቀው ነገር እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ስለዚህ ዋጋው በጽሑፍ፣ ዕቃውና ጉልበቱ ተለያይቶ ይሰጠኝ ይበሉ። ዕቃው የማን ሥሪት ነው? ዋስትናው ስንት ወር ነው? አሮጌውን መልሱልኝ ይበሉ። ሁለተኛ ሙሳኽ ሳይጠይቁ አይፈርሙ። ገንዘብ ሲከፍሉ ሀሽቦኒት ይቀበሉ፤ "ያለ ሀሽቦኒት ርካሽ ነው" ያለዎት ሰው ነገ አላውቅዎትም ይላል። በደል ከደረሰም ትናንሽ ጉዳዮች የሚታዩበት ፍርድ ቤት አለ፤ ያለ ጠበቃ የሚቀርቡበት ነው።

እኚህ አባት ቁስላቸው ከዳነ በኋላ በሌላ ሙሳኽ ሁለቱንም አሞርቲዛተሮች አስገጠሙ። በዚህ ጊዜ የሄዱት ከትንሹ ልጃቸው ጋር ነው፤ ሱቅ የገዟቸውን ዕቃዎች ይዘው ስለሄዱ የተከፈለው የጉልበትና የኪቩን ፍሮንት ብቻ ነበር፤ ማዓምን ጨምሮ 690 ሸቀል። ልጅየው ጥያቄዎቹን በዕብራይስጥ ጠየቀ፤ እሳቸው ደግሞ መጭመቂያው አጠገብ ቆመው መካኒኩ መንጠቆዎቹን ትይዩ ማድረጉን፣ ከግራ ከቀኝ እያፈራረቀ ማጥበቁን ተመለከቱ። ለቁጥጥር ሲመጡ ያንን በተረፈችው ጣታቸው ጠረጴዛችን ላይ እየሣሉ አስረዱን። ወረፋው ረዥም ነበር፤ እስኪጨርሱ ሰማናቸው።